ማንሣትና መውሰድ
ስለ አበባ፣ ስለ ፀሐይ መጥለቅና ስለ አዕዋፍ ፎቶግራፍ

ዐይን ለሰው ከተሰጡት ከአምስቱ ሕዋሳት አንዱ ነው፤ በእርሱም በኩል ጽድቅም ኃጢአትም ወደ ልብ ይገባል። እናታችን ሔዋን በገነት መካከል የነበረውን ዛፍ አስቀድማ ያየችው በዐይኗ ነበር። ያማረ መሆኑንም ካየች በኋላ እጅዋን ዘረጋች፤ ወሰደች፤ በላችም። ሰብአ ሰገል ደግሞ ኮከቡን በዐይናቸው አዩ፤ ነገር ግን ተከተሉት እንጂ የራሳቸው ሊያደርጉት አልተመኙም፤ እርሱም መርቶ ከሕፃኑ ዘንድ አደረሳቸው። እንግዲህ በአንዱ ሕዋስ ሁለት መንገዶች ተከፍተዋል፤ አንደኛው አይቶ መውሰድ ነው፤ ሁለተኛው አይቶ መከተል ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከነዚህ ከሁለቱ መንገዶች መለያያ ላይ የቆመ ነው።

ጥያቄውም ይህ ነው። በዘመናችን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በእጁ ያልያዘ ሰው ጥቂት ነው። በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል ባለችው በሲሪንቃ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ የማሳው ዳርና የመንገዱ ጠርዝ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ በማሽላው ላይ አዕዋፍ ይሰፍራሉ፤ ማታም ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ በስተኋላ ስትሰወር ሰማዩ ይቀላል። በዚህ ጊዜ መንገደኛው መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቆም ይላል፤ ዲያቆኑም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ስልኩን ያነሣል። ከምእመናን አንዳንዶቹ፦ «ይህ ጊዜ ማባከንና ከንቱ ምኞት ነው» ይላሉ። ሌሎቹ፦ «የፈጣሪን ሥራ ማድነቅ እንዴት ነውር ይሆናል?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል፤ ስለዚህ ነገሩን በየክፍሉ ለይቶ ማየት ይገባል።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። በቋንቋችን ፎቶግራፍ «ይነሣል» እንጂ «ይወሰዳል» አይባልም። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ግን በየቋንቋቸው ስለዚሁ ሥራ ሲናገሩ «መውሰድ» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። «ማንሣት» በአማርኛ ብዙ ፍቺ አለው። የወደቀውን ከመሬት እናነሣለን፤ የታመመውን ደግፈን እናነሣለን፤ የሞተውን ወገናችንን በጸሎት ስሙን እናነሣለን፤ የተረሳውንም ነገር በጨዋታ መካከል እናነሣዋለን። በነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚነሣው ነገር ይከብራል እንጂ አይጎድልም። መውሰድ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የወሰደ ሰው ካለበት ስፍራ አጉድሎ ወደ ራሱ ያስገባል። አባቶቻችን ይህን ቃል ሲመርጡለት ለዚህ ምሥጢር አስበው ነበር አንልም፤ ሆኖም ቃሉ መልካም ሚዛን ሰጥቶናል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሁሉ፦ «እያነሣሁ ነው ወይስ እየወሰድሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ የጥያቄያችንን ግማሽ መልስ ያገኛል።

ማንሣትና መውሰድ በአንድ ስፍራ ጎን ለጎን የቆሙበት ዘመን በዚሁ በወሎ ታይቷል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በመጣ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶች ነበሩ። እነርሱ ተራራውንና ሸለቆውን አነሡ፤ ሥዕሎቻቸውም የዚያን ዘመን መልክ ዛሬ ድረስ ያሳዩናል፤ ተራራውም ስለ ተነሣ አልጎደለም። የዚያው ሠራዊት ወታደሮች ግን መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን ወሰዱ፤ ከመጻሕፍቱም 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት ፎቶግራፉን አነሣችው። በሥዕሉ ላይ ያለው የሕፃኑ ፊት ያየውን ሁሉ ያሳዝናል። ያች ሴት በሥዕሏ ልጁን ለታሪክ አነሣችው፤ ነገር ግን የተነሣው አስቀድሞ ከተወሰደ በኋላ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ መሣሪያው በራሱ ጻድቅም ኃጥእም አለመሆኑን፣ ያነሣው እጅና ያነሣበት ምክንያት ግን እንደሚመዘኑ ነው።

ስለ መሣሪያው ጥንትም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከካሜራ የተገኘና እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየ ጥንታዊው ፎቶግራፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1826 ወይም በ1827 ዓ.ም. የተነሣ ነው። ያነሣው ኒሴፎር ኒዬፕስ የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ስፍራውም ሴን ሉ ደ ቫሬን በምትባል የገጠር መንደር የነበረው ቤቱ ነው። ኒዬፕስ መሣሪያውን በቤቱ መስኮት ላይ አቁሞ የግቢውን ጣሪያና ዛፍ አነሣ። ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ እስኪታተም ድረስ ብዙ ሰዓታት፣ ምናልባትም ከአንድ ቀን በላይ ፈጅቶበታል። ፀሐይ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ስለ ተጓዘች በሥዕሉ ላይ ብርሃን በግቢው በግራም በቀኝም ያሉትን ግድግዳዎች መትቶ ይታያል። በዚያ ሥዕል ውስጥ የርግብ ቤት አለ፤ ርግብ ግን አይታይም፤ የምትንቀሳቀስ ወፍ ያን ያህል ጊዜ ለቆየ ብርሃን አሻራዋን አትተውምና። በአሁኑ ዘመን የእጅ ስልክ ከአንዲት ሰከንድ እጅግ ባነሰች ቅጽበት የወፍ ክንፍ በአየር ላይ እንደ ተዘረጋ ያስቀራል። ርግቢቱ ወደ ሥዕሉ ገባች፤ መቆየት ግን ከሰው እጅ ወጣ። የቀድሞው ሰው አንድ ሥዕል ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ይጠብቅ ነበር፤ የዛሬው ሰው በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሥዕል ሰብስቦ አንዱንም ሳያይ ይተኛል።

ከዚህ በኋላ ነገራችንን በሥነ ፍጥረት ሥርዐት እንከፍለዋለን። ቤተ ክርስቲያናችን እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት 22 ፍጥረታትን እንደ ፈጠረ ታስተምራለች። ከነዚህም ውስጥ በማክሰኞ አትክልት፣ አዝርዕትና ዕፅዋት፣ በረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት፣ በሐሙስም ከውኃ የሚሳቡት፣ የሚራመዱትና በክንፍ የሚበሩት ተፈጠሩ። እንግዲህ አበባን፣ የፀሐይን መጥለቅና ወፍን የሚያነሣ ሰው፣ ይወቀውም አይወቀው፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕንና የሐሙስን ሥራ እየተመለከተ ነው። ተመልካቹ ራሱ ግን የዓርብ ፍጥረት ነው፤ ከሁሉም በኋላ መጣ፤ የመጣውም ቤቱ ተሠርቶ፣ ማዕዱ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ነው። ዘግይቶ የመጣ እንግዳም አስተናጋጁን ሳያመሰግን የቤቱን ዕቃ መቍጠር አይገባውም።

ከማክሰኞ ሥራ እንጀምር። አደይ አበባ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በአፈር ውስጥ ዘር ሆኖ ነው። ዝናቡን ጠግቦ በመስከረም ይወጣል፤ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ይረግፋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አጭር ዘመን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ 40 ቀን ሰጥታዋለች። በየእሑዱ ሌሊት ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ። የዚያ ድርሰት ባለቤት መሆናቸው የሚነገርላቸው አባ ጽጌ ድንግል አበባን ባዩ ጊዜ አልቀጠፉትም፤ በአበባው እመቤታችንን፣ ከአበባው በሚወጣው ፍሬም ልጅዋን አሰቡ። ለእርሳቸው አበባው በር ነበር እንጂ ግድግዳ አልነበረም። አበባን የሚያነሣ ሰው ዐይኑ በአበባው መልክ ላይ ብቻ ተገትቶ ከቀረ፣ በበሩ ላይ ያለውን ሐረግ አድንቆ ወደ ቤት ሳይገባ እንደሚመለስ ሰው ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ፎቶግራፍ አበባን በማወቅ ረገድ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። አደይ አበባን በቅርብ ያነሣ ሰው ከሩቅ አንድ አበባ መስሎ የታየው ብዙ አበቦች ሆኖ ያገኘዋል። በዙሪያው እንደ ቅጠል የተዘረጉት ቢጫዎች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ በመካከሉም የተጨናነቁት ጥቃቅኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አበባነት አላቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ሲገልጹ፣ በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰበ የአበቦች ማኅበር ነው ይላሉ። እልፍ ጊዜ በአጠገቡ ስናልፍ ያልታየን ይህ ነገር በፎቶግራፍ ምክንያት ቢታየን፣ መሣሪያው ለዐይን ረዳት ሆነ እንላለን። ስለዚህ ስለ አበባ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። አስቀድሞ ይታይ፤ አድሮም ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ይነሣ። ስለ አንድ ጥሩ ሥዕል ብሎ ሌሎቹን አበቦች በጫማው የሚረግጥ ሰውም፣ ያደነቀውን ነገር ራሱ እንዳጠፋው ይወቅ።

ከዚህ ወደ ረቡዕ ሥራ እንሻገር። ሲሪንቃ በደጋው ተራራ ግርጌ ያለች ስለ ሆነች ፀሐይ ወደ አድማስ ሳትደርስ በተራራው በስተኋላ ትሰወርባታለች፤ ሰማዩ ግን ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ሆኖ ይቆያል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ማታ የፀሐይ ብርሃን ወደ እኛ የሚመጣው ከቀትር ይልቅ እጅግ ረዥም የአየር መንገድ አቋርጦ ስለ ሆነ፣ ሰማያዊው ብርሃን በመንገዱ ላይ ይበተናል፤ ቀዩ ግን አልፎ ይደርሳል። በቀን ሰማያችንን ሰማያዊ የሚያደርገውና በማታ የሚያቀላው አንዱ ሕግ ነው። ይህን ማወቅ አድናቆትን አይቀንስም፤ እንዲያውም ፍጥረት በሥርዐት መኖሩን ስለሚያስረዳ ምስጋናን ይጨምራል።

በዚህ በፀሐይ መጥለቅ ጉዳይ ላይ ግን ከባድ የሆነው የእውነት ጥያቄ ይነሣል። የእጅ ስልክ ያየውን እንደ መስተዋት አያሳይም። አንዳንዱ መሣሪያ የማታውን ቅላት እንደ ስሕተት ቈጥሮ ያነጣዋል፤ ሌላው ደግሞ ሰውን ደስ ለማሰኘት ያልነበረ ቅላት ይጨምርበታል። በዚህ ላይ ሰውየው ራሱ ቀለሙን ያጋንናል፤ ደመናውን ያስወግዳል፤ ጨረቃውን ያጎላል። ይልቁንም በዚህ ዘመን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ከቶ ያልጠለቀች ፀሐይና ከቶ ያልተፈጠረች ወፍ ሥሎ እንደ እውነተኛ ፎቶግራፍ ሲያቀርብ እናያለን። ይህን የሚያደርግ ሰው፦ «ማንን ጎዳሁ? ውበት ጨመርሁ እንጂ» ይላል። እኛ ግን እንዲህ እንመልስለታለን። ሠዓሊ ብሩሽ ይዞ ቢሥል ሁሉም ሥዕል መሆኑን ያውቃልና አያታልልም። ፎቶግራፍ ግን በሰው ዘንድ የታመነው፦ «ይህ ነበረ፤ እኔም አይቼዋለሁ» ስለሚል ነው። ያልነበረውን ነበረ የሚል ደግሞ ምስክርነቱን አፍርሷል። በሐሰት መመስከር በዐሥሩ ትእዛዛት የተከለከለው ስለ ሰው ብቻ ቢመስልም፣ ስለ ፍጥረት የሚነገር ሐሰት ወደ ሠሪው ይደርሳል። እግዚአብሔር ያቀላውን ሰማይ ይበልጥ ላቅላው የሚል ሰው፣ ሳይናገረው፦ «የተሠራው አልበቃኝም» ማለቱ ነውና።

ደግሞም የፀሐይ መጥለቂያ የጸሎት ሰዓት ነው። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ጸሎተ ሠርክ በ11 ሰዓት ይደርሳል፤ ቀጥሎም ቀኑ ይመሻል። በዚያ ሰዓት ስልኩን ወደ ምዕራብ የሚያነሣ ሰው፣ አባቶቹ እጃቸውን ለጸሎት ባነሡበት ሰዓት እጁን አንሥቷል። ሁለቱን አንድ ማድረግ ይቻላል፤ አንሥቶ ማመስገን ይቻላልና። ከሁለቱ አንዱ ሊቀር የግድ ቢሆን ግን የሚቀረው ሥዕሉ ይሁን። ፀሐይ ነገም ትጠልቃለች፤ የዛሬው ሠርክ ግን አይመለስም።

ሦስተኛው የሐሙስ ሥራ ነው። ስለ አዕዋፍ ስንናገር ኢትዮጵያ እጅግ የታደለች ምድር መሆኗን ማሰብ ይገባል። በሀገራችን ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከነዚህም ጥቂት የማይባሉት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በቀር በሌላ ምድር አይገኙም። በመስከረምና በጥቅምትም ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ አዕዋፍ ስምጥ ሸለቆውን ተከትለው በሰማያችን ያልፋሉ። አባቶቻችን አዕዋፍን በሥዕል ማንሣት የጀመሩት ፎቶግራፍ ከመታወቁ እጅግ አስቀድሞ ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ባሉት ጥንታውያን ወንጌላት፣ የወንጌሉ ቀመር በተጻፈባቸው ዐምዶች ላይ አዕዋፍ ተሥለዋል። ከሁሉም በላይ ቅዱስ ያሬድ ከገነት ከመጡ ከሦስት አዕዋፍ ዜማን እንደ ሰማ ገድሉ ይተርካል። እርሱ አዕዋፉን በወጥመድ አልያዘም፤ በቀፎም አልዘጋባቸውም፤ ሰማቸው፤ የሰማውንም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። አንሥቶ መስጠት ማለት ይህ ነው።

የመስቀል ወፍን ነገር በምሳሌነት እናምጣ። ብዙ ሰው ይህች ወፍ በመስከረም ብቻ ከወደ አልታወቀ ሀገር መጥታ የምትሄድ ይመስለዋል። ስለ አዕዋፍ የተማሩ ሰዎች ግን የሚነግሩን ሌላ ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት አዕዋፍ መካከል ተባዕቱ በመራቢያው ወራት ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያን ጥሎ እንደ እንስቲቱ ቡናማ ይሆናል። እንግዲህ ወፉ ሄደ የምንለው ልብሱን ስለ ለወጠ ነው፤ በቀሩት ወራት በደጃችን ቢኖርም አናውቀውም። በሰውም ዘንድ እንዲሁ አይደለምን? ወንድማችንን በበዓል ልብሱ እናየዋለን፤ በሥራ ልብሱ ሲያልፍ አናየውም። ጌጠኛውን ወፍ ብቻ የሚያነሣ ሰው ቡናማውንም እንዲያነሣ እንመክራለን፤ ዐይን ፍቅርን የሚማረው በዚህ ነውና።

በአዕዋፍ ላይ የሚደረገው በደል ከአበባው ይከፋል፤ ወፍ ትፈራለችና። አንዳንዱ ሥዕል ፈላጊ ወደ ጎጆዋ ቀርቦ ቅጠሉን ይገልጣል፤ እናቲቱ ትሸሻለች፤ ዕንቍላሉ ይቀዘቅዛል፤ ጫጩቱም ለጭልፊት ይጋለጣል። ሌላው የተቀዳ የወፍ ድምፅ እያሰማ ተባዕቱን ጠላት መጣብኝ እንዲል ያደርገዋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል፤ ለሚጠብቀውም ረዥም ዕድሜን ተስፋ ይሰጣል። ስለ አንዲት ጎጆ ይህን ያህል ተስፋ መሰጠቱ፣ በትንሹ ፍጥረት ላይ የሚደረግ ምሕረት በእግዚአብሔር ፊት ትንሽ አለመሆኑን ያስረዳል።

ነገር ግን ፍትሕ ሌላውንም ወገን እንድንሰማ ያስገድደናል። የሲሪንቃ ገበሬ ወፍን የሚያየው እንደ መንገደኛው አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ ይህ ትንሽ ይመስላል፤ መንጋው አንድ ሚሊዮን ቢሆን ግን በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያጠፋል። ስለዚህ ልጆች ከንጋት እስከ ምሽት በማማ ላይ ቆመው በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃሉ። ለዚህ ልጅ ወፍ የቤተሰቡን እንጀራ የምትቀማ ናት። አስፋልቱ ላይ ቆሞ፦ «አታባርራት፤ ላንሣት» የሚለው እንግዳ የማይከፍለውን ዋጋ ሌላውን ያስከፍላል። ልጁ ስለ ወፍ የሚያውቀው ነገር ከእንግዳው እጅግ ይበልጣል፤ የምትመጣበትን ሰዓት፣ የምታርፍበትን ዛፍ፣ የምትፈራውን ድምፅ ሁሉ ያውቃል። ወፍን በእውነት ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ማማው ወጥቶ ከልጁ ይማር፤ ለጥቂት ሰዓትም ወንጭፉን ተቀብሎ ይርዳው። ውበትን የሚያይ ዐይን የባለቤቱን ድካም ካላየ ገና ግማሹን አላየም።

እዚህ ላይ ከዓርብ ፍጥረት፣ ከሰው ነገር ደረስን፤ ጥያቄያችንም ከሁሉ የሚከብደው በዚህ ስፍራ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «በወሎ ምድር አበባና ወፍ ማንሣት ቅንጦት አይደለምን? ይህ ሕዝብ ስንት ረኀብ፣ ስንት ጦርነት አይቷል! በተራበ ሰው ፊት የአበባ ሥዕል ማሳየት ማፌዝ ነው።» ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የወሎ መልክ በዓለም ዘንድ የታወቀው በረኀብ ሥዕል ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የወሎን ረኀብ የሚያሳይ ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። እንደ ገና በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የተረከው፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ትገኝ ከነበረችው ከኮረም የመጣው ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ። በነዚያ ሥዕሎች ምክንያት የብዙ ሰው ልብ ተነካ፤ እርዳታም መጣ። እነዚያን ሥዕሎች ያነሡ ሰዎች የወደቀውን አንሥተዋልና ምስጋና ይገባቸዋል።

ሆኖም ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ወሎን ከዚያ ሥዕል በቀር አላያትም። አንድ ሰው በታመመበት ቀን ብቻ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ያ ሥዕል ለዘለዓለም መታወቂያው ቢሆንበት ምን ይሰማዋል? ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ሕመሙ ነበረና። ግን ሙሉው እውነት አይደለም፤ ሰውየው ከሕመሙ በፊት ሠርቷል፤ ከሕመሙም በኋላ ተነሥቶ አርሷል። በሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለደረቅ ወራት የሚስማሙ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል፤ ከነዚያም አንዱ «ምስክር» ይባላል። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ያ ማዕከል ጉዳት ደረሰበት፤ የአካባቢውም ሕዝብ ብዙ መከራ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በመስከረም ግን አደይ አበባ በማሳው ዳር ወጥቶ ነበር። አበባውን ብቻ አንሥቶ መከራውን የሚሸሽግ ሰው ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ መከራውን ብቻ አንሥቶ አበባውን የሚሸሽግም ምስክርነቱ ጎዶሎ ነው።

ለዚህ ክርክር መልሱን ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ዘመን በፊት ሰጥታ እናገኛለን። ዘመነ ጽጌ የአበባ ዘመን ብቻ አይደለም፤ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያም ነው። ብዙ ምእመናንም እነዚያን 40 ቀናት በፈቃዳቸው ይጾሟቸዋል። አበባውና ስደቱ በአንድ ማኅሌት ይዘመራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያሳፍረውም። ወሎ የተራበችባቸውና ዓለም ሥዕሏን ያየባቸው ሁለቱም ጥቅምቶች በዚሁ በጽጌ ዘመን ውስጥ መዋላቸውን ስናስብ፣ የሥርዐቱ ጥልቀት ይበልጥ ይሰማናል። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች እንዲመለከቱ ያዘዘው፣ ምን እንበላለን፣ ምንስ እንለብሳለን ብለው የሚጨነቁትን ነበር። እንግዲህ አበባን መመልከት ከጠገቡ ሰዎች ይልቅ ለሚጨነቁት የተሰጠ ትምህርት ነውና ቅንጦት አይደለም። የእንጀራን ስፍራ ሊይዝ አልተሰጠም፤ እንጀራውን የሚሰጠውን አምላክ ሊያሳስብ ነው እንጂ።

ከዚህ የተነሣ ፎቶግራፍ የፍቅር ሥራ የሚሆንበት መንገድ አለ። ከሀብሩና ከአካባቢው ወጥተው በዐረብ ሀገር በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶች፣ በሩቅ ሀገር በስደት ያሉ ወንድሞች ብዙዎች ናቸው። መስከረም ሲጠባ እናቲቱ ወይም ታናሽ ወንድሙ የደጃቸውን አደይ አበባ አንሥቶ ቢልክላቸው፣ ያ ሥዕል እንደ መክፈልት ይሆንላቸዋል። በአልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ከቤቷ ወጥታ የማታውን ሰማይ ልታይ ባትችል፣ የልጅ ልጅዋ አንሥቶ ቢያሳያት ድውይ እንደ መጠየቅ ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ ሥዕሉ ከአንሺው እጅ አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል። በአንጻሩ ግን የአድናቂዎቹን ቍጥር ለመሰብሰብ ብቻ የሚያነሣ ሰው፣ በአበባውና በወፏ ላይ ተረማምዶ የራሱን ስም ያነሣል፤ ይህም ውዳሴ ከንቱ ነው።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ አባቶችና ምእመናን፣ ከተናገርነው ሁሉ የምናጠቃልለው ይህን ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት በራሱ አይከለከልም፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ምስክር ነውና የምስክር ሕግ ይጠበቅበታል። ምስክር አስቀድሞ ያያል፤ ስለዚህ ከስልኩ በፊት ዐይን ይቅደም። ምስክር ያልሆነውን ሆነ አይልም፤ ስለዚህ የተለወጠ ሥዕል ተለውጧል ተብሎ ይነገር። ምስክር የሚመሰክርለትን አይጎዳም፤ ስለዚህ ጎጆው አይገለጥ፤ አበባውም አይረገጥ። ምስክር ያየውን ለራሱ አይደብቅም፤ ስለዚህ ሥዕሉ ላላየው ሰው ይሰጥ። በቅዳሴ ጊዜ ግን የምንቆመው ምስጢሩን ልንሳተፍ ነውና ስልኩ ከኪስ አይውጣ። ዐይንም እንደ አፍ መጾም ይገባዋል። በጽጌ ዘመን ከሳምንቱ አንዱን ቀን እንኳ ምንም ሳያነሣ በማሳው ዳር የሚያልፍ ሰው፣ አበባው ያለ ሥዕልም እንደሚበቃው ያውቃል።

ሔዋን ያየችውን ወሰደች፤ ሰብአ ሰገል ያዩትን ተከተሉ። እኛም በየዓመቱ መስከረም ሲመጣ በአደይ አበባና በመስቀል ወፍ ፊት ይኸው ምርጫ ይቀርብልናል። አይተን እንድንከተል፣ አንሥተንም እንድናመሰግን ማክሰኞን፣ ረቡዕንና ሐሙስን አስውቦ ከሠራ በኋላ በዓርብ የፈጠረን አምላክ ልቡናችንን ያብራልን።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።